የአማቴ ጃንጥላ ቀዳዳ

ቀዳዳ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ልብስ ሰፊ ካለ አሳዩኝ፤ ሱቄን ከነስፌት መኪናዬ አስረክበዋለሁ። የለም። ጠበቃ የታረቁ ሰዎች ሲያይ ይከፋዋል፣ ሐኪም ጤነኛ ሲያይ ቅር ይለዋል፣ እኛ ደግሞ ቀዳዳ ስናይ ጣታችንን ይበላናል። ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ኮሌታው ተተርትሮ ከሆነ እስክወርድ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም። አንድ ጊዜማ መስጊድ ውስጥ ከፊቴ የሚሰግደው ሰው ቀሚሱ ጀርባው ላይ ተቀዶ፣ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ምን ዓይነት ክር እንደሚስማማው እየመረጥኩ ነበር።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምደረድረው ለምን መሰላችሁ? ወደ ጥፋቴ ስንደርስ እንድታዝኑልኝ ነው።

ኸሊል እባላለሁ። ሱቄ ሰላሕ አድ-ዲን ሰፈር ነው፤ ወደ ብሬቃ በሚወስደው መንገድ ዳር። ወላጆቼ ከኮምቦልቻ መጥተው እዚሁ ዓደን ወለዱኝ። አማርኛዬን ከእናቴ፣ ዐረብኛዬን ከመንገድ፣ ክርክሬን ከሁለቱም ተምሬአለሁ። ዐባያ እሰፋለሁ፣ የመኪና ወንበር አለብሳለሁ፣ ለዓሣ አጥማጆች የጀልባ ጥላ እሠራለሁ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የኔው ግን ትንሽ ወደ አፌም ያዘነብላል።

ከሱቄ ሦስት በር አለፍ ብሎ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ። የዓደን ሰው ልብስ አጣቢን ዶቢ ይለዋል። ይህኛው ዶቢ ግን እንደ ሌላው ዶቢ አይደለም፤ ሃምሳ አለቃ ሰይድ ናቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት አየር ወለድ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ባሕር ተሻግረው መጡ። ሌላው ሰው ያለውን ጥሪት ቋጥሮ ሲሻገር እሳቸው አንድ አረንጓዴ ከረጢት ብቻ ተሸክመው ወረዱ። ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ለብዙ ዓመት ያወቀ አልነበረም። አንዱ ወርቅ ነው አለ፣ ሌላው መሣሪያ ነው አለ። እናቴ ደግሞ አገር ቤት የተዋት ሚስት ልብስ ነው ብላ ደመደመች።

እሳቸው ዘንድ አንድ ጊዜ ሸሚዝ ያሳጠበ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም። ሸሚዙ ታጥፎ ሲሰጣችሁ ከመጽሐፍ አይበልጥም። ኮሌታውን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ብታራግፉት ግን ተዘርግቶ ቁጭ ይላል፤ አንዲት መጨማደድ ብታገኙበት ዐይኔን ግንባር ያድርገው። ከላዩ ላይ ትንሽ ወረቀት በስፒል ተይዛለች፤ «ያጠፈው፦ ሰይድ» ትላለች። ደንበኛው ልብሱን ከለበሰ በኋላ ያቺን ወረቀት «ተከፈተ» ብሎ ጽፎባት መመለስ አለበት። የብሬቃው ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ደረሰኝ መስላቸው በኪሳቸው ይዘዋት ሲጠፉ፣ ሃምሳ አለቃ ቤታቸው ድረስ ሄደው ያንኳኳሉ።

ኮረንቲ ሲጠፋ፣ ማለትም በየቀኑ፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። የልብስ ማስጫውንም ራሳቸው ናቸው የፈለሰፉት። የጭነት መኪና ቸርኬ ከጣሪያ ወራጅ ላይ አንጠልጥለው ልብሱን ዙሪያውን ይሰቅሉበታል፤ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ እያሽከረከረ ያደርቀዋል። ከየት አመጡት ብዬ ብጠይቃቸው፣ እኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ሰው የምንሰቅለው እንዲህ ነበር አሉኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ ዘላዮቹ አየር ላይ መንሳፈፍን የሚለማመዱበት ነበር።

ሥራዬን ጥዬ እሳቸው ዘንድ መቀመጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ለሰሚራ ስል እንደሆነ አልደብቃችሁም። ሰሚራ ልጃቸው ናት፤ ኢንማ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። የምትፈርመውን ነገር ሁለት ጊዜ የምታነብ፣ የምትናገረውን ሦስት ጊዜ የምትመዝን ሴት ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ አባቷን ታግዛለች። እየቆየ ግን እሷ በሌለችበት ሰዓትም እሄድ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሽማግሌው ወሬ ልቤን ወስዶት ነበር።

አስቡት እስቲ። አውሮፕላን ለወራት በማይገኝበት ጊዜ የተበላሸ አውሮፕላን ክንፉን ነቅለው አሸዋ ላይ አቆሙት አሉ። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ይገቡበታል፣ ወንበር ይይዛሉ፣ አንዱ በአፉ እንደ ሞተር ያጓራል፣ ከዚያ በሩ ላይ እየቆሙ አሸዋው ላይ ይዘላሉ። የጃንጥላ ማጠፊያ ጠረጴዛ ቢያጥራቸው በሮች ነቅለው ገጣጠሙ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሻለቃው ቢሮ በር አልነበረውም። ፓራሹቱን እሳቸው ጃንጥላ ነው የሚሉት፤ ከእሳቸው ሰምቼ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሃምሳ አለቃ ከአጣፊዎቹ አንዱ ነበሩ። በማጠፊያው አዳራሽ ውስጥ አይወራም። የአንድ ሰው ነፍስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ እያለ ምን ወሬ አለ? አጥፎ የጨረሰ ሰው ስሙን በወረቀት ላይ ጽፎ ያስገባበታል። አንዳንድ ቀን አዛዡ ድንገት ይገባና ከተደረደሩት መካከል በጣቱ አንዱን ይጠቁማል። ወረቀቱ ይወጣል፣ ስሙ ይነበባል፣ ባለስሙ ያንኑ ጃንጥላ ያዝልና ወደ አውሮፕላን ይሄዳል። ሕጉ አጭር ነው፦ ያጠፈ ይዝለል። እንዲህ ያለ ሕግ ለቤት ሠሪዎችና ለመንገድ ሠሪዎች ቢወጣ ይህቺ ዓለም ምን ዓይነት ዓለም ትሆን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ለልብስ ሰፊ ግን ባይወጣ ይሻላል።

ዘላዩ በሰላም ሲያርፍ ያቺን ወረቀት «ተከፈተ» ብሎ ፈርሞባት ለአጣፊው ይመልሳል። የሁሉም ወረቀት እስኪመለስ ድረስ አጣፊዎቹ ምሳ አይበሉም። አንድ ቀን ነፋስ ዘላዮቹን በትኖ አንዲት ወረቀት ሳትመለስ ቀረች። አዳራሹ በሙሉ እስከ ምሽት ጾሙን ዋለ። ሰውዬው ግን ማሳ ውስጥ አርፎ፣ ገበሬዎች ይዘውት ገብተው ቅቤ በቅቤ አድርገውት ነበር አሉ። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ሲስቁም ዐይናቸው እንባ ያቀራል።

ሌላም አለ። ማንም ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ስለዚህ ከኋላህ የቆመው ሰው ማሰሪያህን በሙሉ ይፈትሽና ትከሻህን መታ አድርጎ «ጀርባህ የኔ ነው» ይልሃል። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ጀርባዬን የሚመለከት ሰው ካለ የሚያማኝ ብቻ ነበር። እኛ ሰላሕ አድ-ዲን ውስጥ ተጠባብቀን የምንኖር የሚመስለን ሰዎች፣ ከነዚያ ሰዎች ጋር ስንነጻጸር ምንም አይደለንም አልኩ በልቤ።

እንግዲህ የእኒህን ሰው ልጅ ነው የፈለግሁት። ሽማግሌ ብልክ መለሱብኝ፤ ለሽማግሌዎቹ አንሶላ ሰጥተው «ይህን አጥፎ ይላክልኝ» ብለው ነበር፤ አጥፌ ብልክ ያንኑ ዕለት ተመልሶ መጣ። ሁለተኛም እንደዚያው። በሦስተኛው ሰሚራ ራሷ ገብታ፣ ባባ፣ አንሶላውን እኔ አጥፍለታለሁ አለቻቸው። ስለ እኔ ተናግራ የማታውቀው ረጅም ንግግር ይኸው ነበር። ሃምሳ አለቃም አንድ ነገር ሠርቼ እንዳሳያቸው ነገሩኝ። ሥራው ካልያዘ ልጄን አልሰጥም፤ የማይይዝ ነገር ላይ ሰው አላንጠለጥልም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒካሑ ከዙርቢያኑ፣ ከዓደኑ የሰርግ ሩዝ በሥጋ ጋር ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሊሆን ተወሰነ። በዓደን ሙቀት ያለ ጥላ ግቢ ውስጥ ሰው መሰብሰብ መጥበስ ነው። የሰርግ ድንኳን እዚህ ሙኸደራ ይባላል፤ የሚከራይም ሞልቷል። ሃምሳ አለቃ ግን ከአልጋቸው ሥር ያንን አረንጓዴ ከረጢት ጎትተው አወጡ።

ያወጡት ጃንጥላ ነበር። ነጭ፣ ከስስ ስስ፣ ከጠንካራም ጠንካራ። ግቢው ውስጥ ስንዘረጋው ግቢው አልበቃውም። እጄን በላዩ ላይ ሳስኬድ እድሜዬን ሙሉ ስፌት የማውቅ የመሰለኝ ሰው አፍሬ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘበትን መንገድ፣ ገመዱ ከጨርቁ ጋር የተዋደደበትን ስፌት ማን እንደሰፋው አላውቅም፤ ግን እጁን አግኝቼ ብስመው ደስታዬ ነበር። ሃምሳ አለቃ የሰጡኝ ትእዛዝ ሦስት ነው፤ አትቁረጠው፣ ካስማና ገመድ አዘጋጅለት፣ ሥራህ ላይ ስምህን ጻፍበት። ሌላ ምንም አላሉም።

ስለ ቀዳዳው ምንም አላሉም!

አዎ፣ መሐል አናቱ ላይ፣ ሰፌድ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ነበረው። ያ ሁሉ ውበት፣ ያ ሁሉ ጥበብ፣ አናቱ ላይ ወና። ሲያዩት ሆድ ይብሳል። ዕድሜ በልቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ወይም ባሕር ሲሻገሩ አይጥ። ጠርዙ በጣም የተስተካከለ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ለማመን የፈለግሁትን አመንኩ። እናቴን ባማክራት፣ ጸሐይዋ በቀጥታ ሙሽራው ማጅራት ላይ ልታርፍ አይደል፣ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ሰሚራን ልጠይቃት ብዬ ነበር። ግን ድንገተኛ ስጦታ ይሁን አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው የኔን መልክ በሕልሙ ሳያይ አልቀረም።

ከምርጡ የጀልባ ሸራ ክብ ቆረጥኩ። ሦስት ዙር በድርብ ክር ሰፋሁት። ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜ የሚሰፋው ስፌት አለ፤ ያ ነበር። በላዩ ላይ በአረንጓዴ ክር «ማሻአላህ» ብዬ ጠለፍኩ፤ ከሥሩ፣ እንደታዘዝኩት፣ «ኸሊል» ብዬ ስሜን አኖርኩ።

ዓርብ ቀን ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቴ አወድ ሊያግዘኝ መጣ። አወድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ምሰሶና ገመድ የእሱ ነው። ሃምሳ አለቃ የእንግዶቹን ልብስ ተኩሰው ለመጨረስ ውስጥ ነበሩ። ጃንጥላውን ስንሰቅለው ግቢው በነጭ ብርሃን ሞላ። የማጣሪያው ሠራተኞች ሲገቡ ቀና ብለው አዩት፤ አንዱማ ጫማውን አወለቀ። እውነትም መስጊድ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ውስጥ ቤት መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። ዙርቢያኑ በትልልቅ ትሪ እየተጫነ መጥቶ ግድግዳው ጥግ ተደረደረ።

ሃምሳ አለቃ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ፣ ቀና አሉ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በአድናቆት መስሎኝ ዐይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ። ግን አንድ ቃል ሳይወጣቸው ማእዙኑ፣ ማለትም ኒካሕ የሚያስረው ሸይኽ፣ ቢስሚላህ ብለው የሃምሳ አለቃን ቀኝ እጅ ያዙና ከኔ ቀኝ እጅ ጋር አጋጠሙት። በላዩም ነጭ መሐረብ ጣሉበት።

ሃምሳ አለቃ ማእዙኑን ተከትለው «ልጄን ሰሚራን ዳርኩህ» አሉ። አሁን የኔ ተራ ነው፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ «ቀቢልቱ»፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው። ልለው አፌን ከፈትኩ።

ነፋሱ የመጣው ያኔ ነው።

የዓደንን የዐስር ነፋስ የማያውቅ ሰው የነገርኩትን ሁሉ ውሸት ይለኛል። ከባሕሩ በኩል ተነሣና በአጥሩ ላይ ዘሎ ከጥላው ሥር ገባ። መጀመሪያ ጃንጥላው አበጠ። ከዚያ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አወጣ፤ እንደ ትልቅ በር፣ ድም! ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በከረጢት ታጥፎ የተኛ ነገር ሥራውን አልረሳም ነበር። ሱብሓነላህ! በዚያች ቅጽበት ሰርጌንም ራሴንም ረስቼ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። እንደዚያ ያለ ውብ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከዚያ ካስማዎቹ አንድ በአንድ መነቀል ጀመሩ። ከጎኔ ያለው ገመድ እንደ እባብ እየተወራጨ ሲነሣ በግራ እጄ አፈፍ አደረግሁት። ለምን በሉኝ። ሥራዬ ነዋ እየበረረ ያለው! ቀኝ እጄ ደግሞ በአማቴ እጅ ውስጥ ነው። እግሬ መሬት ለቀቀ። በኔ ግምት ሁለት ክንድ ያህል ተነሥቻለሁ፤ አወድ አንድ ስንዝር ነው ይላል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ሆኜ የጎረቤቱን የውሃ ታንከር ክዳን አይቻለሁ። የዓደን ሙሽራ እንደሚያደርገው ሽርጥ ታጥቄ ነበር፤ ከሥሩ ሱሪ እንድለብስ የመከረችኝን እናቴን አላህ ያኑርልኝ።

ሃምሳ አለቃ ከታች «ልቀቅ! ገመዱን ልቀቅ!» ይላሉ። እኔ የባሰ ጨመደድኩት። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ብሞት እንኳ ባለትዳር ሆኜ ልሙት አልኩ። ባለ በሌለ ድምፄ «ቀቢልቱ!» ብዬ ጮህኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ ገመዱን ለቀቅኩና ዙርቢያኑ ላይ አረፍኩ።

ቀና ብል እጄ አሁንም በሃምሳ አለቃ እጅ ውስጥ ነበር። ከነመሐረቡ ተጎትተው አብረውኝ መጥተው ነበር። እጄን እዚያ ሩዝ ውስጥ አኖሩና ያ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሮጠ። ጃንጥላው ግቢውን እያረሰ ወደ መንገዱ ሲሄድ ደረሱበት፣ በደረታቸው ወደቁበት፣ ተንከባለሉ፣ የታችኛውን ገመድ አንቀው በእጅ በእጅ እየሳቡ አስገቡት። ያ ሁሉ ጉልበት ከእጃቸው ሥር እፍ ብሎ ተነፈሰና አጥሩ ሥር ተኛ። ከዚያ ከመስኮቱ በኩል እልልታው ቀለጠ። እኔ በሩዝና በሥጋ ተሸፍኜ አለቀስኩ ብላችሁ አትመኑኝም፤ ግን አለቀስኩ። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል እንዴ?

አሁን ነገሩ ወደ ሕግ ዞረ። አንድ የማጣሪያው ጡረተኛ፣ በየሰርጉ የማይጠፋ ዓይነት ሰው፣ ሸይኽ ሆይ፣ መዳሩም መቀበሉም በአንድ መቀመጫ መሆን አለበት፤ ሙሽራው ግን መቀመጫውን ለቆ ሄዷል፣ ያውም በአየር ብሎ ተነሣ። ማእዙኑ ጢማቸውን አሹ። ሃምሳ አለቃን፣ ቀቢልቱ ሳይል እጁን ለቀሃል ወይ ብለው ጠየቋቸው። አልለቀቅሁም። ለምን አልለቀቅህም? እኛ ጋ ሰው አይለቀቅም አሉ ሃምሳ አለቃ፣ አቧራቸውን እያራገፉ። ማእዙኑም እጅ ካልተላቀቀ መቀመጫውም አልተላቀቀም፤ ቢሆንም ለጥንቃቄ ይደገም አሉ።

ይደገም! ለማለት ቀላል ነው። ለመድገም አባትየው እንደገና እጃቸውን መስጠት አለባቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ ጃንጥላው ሄደው ነበር። አናቱን ፈልገው አገኙት። አረንጓዴውን ጥልፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ማሻአላህ። ኸሊል። ከመስኮቱ ላይ ሰሚራ ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ቀዳዳው ምን መሰለህ ሲሉኝ፣ ብልሽት መስሎኝ ነው አሚ አልኩ፤ አማት እዚህ እንደ አጎት ነው የሚጠራው። ሰውም ሲስቅ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ነፋሱ የሚወጣበት ነው አሉ። ያ ቀዳዳ ባይኖር ጃንጥላ ታፍኖ እየተወዛወዘ ሰውየውን ይጥለዋል፤ ያ ቀዳዳ ባይኖር እኔ እዚህ አልቆምም፣ ልጄም አትወለድም፤ ይህን አየር ወለድ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ አንተም የምታውቅ መስሎኝ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው አሉ። ከዚያ ስፌቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጠሩት። አልተነቃነቀም። አወድን ጠሩትና ከወዲያ በኩል ጎተተው። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ክንዱ የዋዛ አይደለም። አልተነቃነቀም።

«ካስማው ተነቀለ፣ ገመዱ ተነቀለ፣ ሙሽራው ተነቀለ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ይኸ ግን ያዘ።»

ከዚያ ለእንግዶቹ፣ ክፍለ ጦራችን ውስጥ አሳስቶ ያጠፈ ሰው እንዲማር ይደረግ ነበር፤ ስሙን ያልጻፈ ሰው ግን ይባረር ነበር፤ ይህ ልጅ ስሙን ጽፏል አሉ። መጡና ከጀርባዬ ቆሙ። ትከሻዬ ላይ የተጣበቀውን ሩዝ አራገፉ። መታ አደረጉኝና በጆሮዬ «ጀርባህ የኔ ነው» አሉኝ። ቀኝ እጃቸውን ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ቀቢልቱን ያልኩት በሹክሹክታ ነው፤ ድምፅ አልቀረኝምና።

ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የሚለውን ተረት አማቴ አይወዱትም፤ እኛ በባዶ ሆዳችን ነበር የምንዘልለው ይላሉ። የዚያን ቀን እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ባዶ ሆድ ቀመሰው። ዙርቢያኑን እኔ ተኝቼበታለሁ። አወድ ጠዋት ያጠመደውን ዓሣ አምጥቶ ከዳቦ ጋር ተበላ፤ እንደ ሰርጌ የተወራለት ሰርግም እስከ ብሬቃ ድረስ የለም።

እዚህ ላይ ባቆምስ? ጥሩ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ በሳምንቱ ሰሚራ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን የልብስ ሻንጣ ከፈተች። እያንዳንዱ ቀሚስ እንደዚያ ሸሚዝ ታጥፏል። ከሁሉም በላይ ትንሽ ወረቀት በስፒል ተይዛለች፤ «ያጠፈው፦ ሰይድ»። ሰሚራ ወረቀቷን ከስፒሉ አወጣች። ከዚያ ባባ ከሰርጉ ወዲህ ምሳ እንደማይበላ ጎረቤት ነግሮኛል አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። ሰውየው ወረቀታቸውን እየጠበቁ ነው! ከእጇ ተቀብዬ «ተከፈተ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ «ኸሊል» ብዬ በሚያምር ፊርማ ፈረምኩ፣ ልቤ በኩራት እንደዚያ ጃንጥላ አብጦ እየሮጥኩ ማጠቢያ ቤት ደረስኩ። አማቴ ካውያቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ገልብጠው አዩ። ከዚያ ወረቀቷን መልሰው በእጄ አኖሩና፣ የሚፈርመው የዘለለው ሰው ነው አሉኝ። የዘለለችው እሷ ናት፤ አንተ ጃንጥላው ነህ።

እየተጎተትኩ ወደ ቤት ተመለስኩና ለሰሚራ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሜን በአንድ መስመር ሰረዘችና ወረቀቷን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስገባች። ምነው ብላት፣ ገና መሬት አልነካሁም አለችኝ።

ይኸው ስድስት ወር ሆነን። ያንን የሰፋሁትን ሸራ ፈትቼ ለመጨረስ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ጃንጥላውም ከነቀዳዳው ወደ ከረጢቱ ተመልሷል። ሱቅ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ልብስ ሲመጣልኝ መርፌ ከማንሣቴ በፊት፣ ይህ ቀዳዳ ሥራ አለው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ደንበኞቼም የዙርቢያኑ አደጋ ጭንቅላቴን የነካኝ ይመስላቸዋል። ቤት ውስጥም ተጠንቅቄ እኖራለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ አንሶላ እንኳ አጥፋለሁ። ሰሚራ አንዳንድ ቀን መሳቢያውን ትከፍታለች፣ ወረቀቷን አንብባ ታየኛለች፣ መልሳም ትዘጋዋለች።

አማቴም እስካሁን ምሳ አይበሉም። ለሰው ሲናገሩ ግን ሐኪም ከልክሎኝ ነው ይላሉ።